አርባ ሰከንዷን መልሳት

ሄሎ! … እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን እንዲሆንልህ ፈለግክ? ከጠዋት ጀምሮ ስደውል የት ነበርክ?

… “እንኳን ደስ አለሽ”? ለምኑ?

… አዎ፣ የፈተናውን ውጤት አይቻለሁ። ሠላሳውም የአዋላጅነት ተማሪዎች ከዘጠና በላይ አምጥተዋል። እሱ ነው ያናደደኝ! … ወንድም ጋሼ፣ አንዴ እንኳ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዋለጃ ክፍል ገቡ። … እውነተኛው ነዋ! እኔ ነድፌ፣ አንተ ፕሮግራሙን ጽፈህ በቪአር መነጽር የምናሳየው ምናባዊው ክፍል አይደለም። ያቺ በመነጽሩ ተፈትና ዘጠና ስምንት ያመጣችው ጎበዟ በሩን ከፈተች፣ በቀጥታ ምጥ ወደያዛት ሴት ሄደችና እጇን ዘረጋች። ባዶ እጇን! ሳትታጠብ፣ ጓንት ሳታጠልቅ!

… አልነካቻትም። ሲስተር የእጇን አንጓ ለቀም አድርገው ያዟት። … ሲስተር ባይኖሩስ?

… ምን አለች መሰለህ? “ጓንቱ ራሱ የሚመጣ መሰለኝ።” … ሳቅህ መጣ? እኔም ልስቅ ነበር፣ የሴትየዋን ፊት እስካይ ድረስ።

— ሲስተር፣ ልጅቷን ወንበር ይስጧት እባክዎ። አንቺ፣ አታልቅሺ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ሄሎ? ትሰማኛለህ? … አሁን መነጽሩን አድርጌ አየሁት። በሩን ስትከፍተው ጓንቱ እጅህ ላይ ብቅ ይላል። መታጠቢያው የት ሄደ? አርባ ሰከንድ ሙሉ እጅ የሚታሽበት? … “ሰለቻቸው”? ይሰልቻቸው! ሴትየዋንስ ምጡ አልሰለቻትም?

ይባስ ብለህ የውሃውን ድምፅ ትተኸዋል! ሽሽሽ ይላል፣ ከዚያ ጓንት። … ልጅ ሆነን እማዬ “ታጥበህ ወደ ገበታ” ስትልህ ቧንቧውን ከፍተህ ድምፁን ብቻ ታሰማት ነበር። … እኔ ምን እረሳለሁ! ያኔ እማዬን ሸወድክ፤ አሁን ደግሞ አዋላጆችን ሽወዳ ልታስተምር?

… እኔ? መቼ?

… እስቲ አንብብልኝ።

… አዎ። የእኔ መልእክት ነው። “መግቢያው ረዝሟል፣ አሳጥረው።” … አሳጥረው አልኩ እንጂ አጥፋው አልኩህ? … አውቃለሁ! ተመልሼ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። የደም መፍሰሱን፣ የልብ ምቱን፣ ጩኸቱን ስፈትሽ ሰነበትኩ፤ በሩን ግን… በሩን ዘለልኩት። ይኸው አመንኩልህ። ደስ አለህ?

… አይሆንም። “ዛሬ የሚመጡት እንግዶች ካዩት በኋላ እናስተካክላለን” ብሎ ነገር የለም። ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ የግዢ ውሉን ይፈርማሉ፣ በሳምንቱ ለአምስት ትምህርት ቤት ይከፋፈላል። ከዚያ ሲስተር አምስት ቦታ ቆመው እጅ ሊይዙ ነው?

… ስድስት ወር ለፋን፣ አውቃለሁ። እኔ ተኝቼ ነበር? … ስምህ ቢጠፋ የእኔም አብሮ ይጠፋል፤ የአባታችን ስም እንደሆነ አንድ ነው።

— ምን? መጡ?

ወንድም ጋሼ፣ የኮሌጁ ዲን ከነእንግዶቻቸው ኮሪደሩ ላይ ናቸው። … አትለምነኝ። … ስልኩን አልዘጋውም፣ ስማ።

— እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ… ይቅርታ፣ መነጽሩን አያንሱት። ዛሬ አናሳይም። … አልተበላሸም፣ እኛ ነን ያበላሸነው። እጅ መታጠብን አውጥተን ጣልነው። ተማሪያችን ዛሬ ባዶ እጇን ምጥ ላይ ያለች ሴት ልትነካ ነበር። … አሳጥረው ያልኩትም፣ ሳልፈትሽ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። … አዎ ጌታዬ፣ እዚሁ እንግዶቹ ፊት ነው የምናገረው።

ሄሎ… አለህ? … ሰማህ አይደል? ዲኑ ፊታቸው ጠቁሯል፣ ግን መነጽሩን አስቀምጠውታል። መነጽሮቹን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፍባቸዋለሁ፣ ቁልፉ ሲስተር ጋ ይሆናል። አርባ ሰከንዷን ሳትመልስ አይከፈትም።

… ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው? ቧንቧ ነው የምሰማው? … እየታጠብክ ጊዜውን ልትለካ? … በሳሙና?

… በድምፅማ አላምንህም። ዘግቼ በቪዲዮ እደውላለሁ። እጅህን አሳየኝ።