ጥጉ የተቆረጠው ሜምብሬን

ምስክር፦ የምርምር ላብራቶሪ ቴክኒሻን፤ ማንነቷ ከመታወቂያዋ ጋር ተመሳክሯል
ዕድሜ፦ 43
አድራሻ፦ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለው ሕንፃ፣ 2ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ከዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ በስርቆት ተጠርጥረው እዚህ የተያዙት የላብራቶሪያችን የጽዳት ሠራተኛ ምንም አልሰረቁም። ጠፋ የተባለውን ሜምብሬን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሜምብሬን ማለት መዳፍ የማያክል፣ ነጭ ወረቀት የሚመስል ነገር ነው። ለእሱ ሰው ይታሰራል?

በላብራቶሪው 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የምንሠራውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ስለሌለን ጫፉ ላይ ትንሽ ምልክት እንቀጥልበታለን። ለምልክቱ የሚሆን አንቲቦዲ ግን አለን፤ ሜምብሬኑ ላይ ምልክቱን ፈልጎ ይይዛል፤ የያዘበት ቦታ ከላዩ በሚነጠፍ ፊልም ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በቀኝ በኩል ምልክት ያለበትን ናሙና፣ በግራ ምልክት የሌለበትን ጫንኩ። በግራ ምንም መታየት የለበትም። እንዳይገለበጥብኝ የሜምብሬኑንም የፊልሙንም የራስጌ ቀኝ ጥግ በመቀስ ቆረጥኩ። ሁልጊዜ እቆርጣለሁ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ «ይኸው፣ በቀኝ ወጣልን!» አለ። የተቆረጠው ጥግ በግራው በኩል ነበር።

«ዶክተር፣ ገልብጠው ነው የያዙት። መስመሩ ያለው ምልክት በሌለበት በግራው ላይ ነው» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ በመቀስሽ ልታስተምሪኝ ነው?» አለኝ።

ምናልባት ናሙናዎቹን አቀያይሬ የጫንኩት እኔ እሆናለሁ። አላውቅም። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እጄን እያየሁ ነው። ለማወቅ ሥራው መደገም ነበረበት። እሱ ግን አልፈለገም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን የጽዳት ሠራተኛ «ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሳህን ከነወረቀቱ ድፊው» ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ወረቀት ያለው ሜምብሬኑን ነው። ኮሪደር ላይ አስቁሜአቸው ሜምብሬኑን አወጣሁና በላስቲክ ከረጢት ያዝኩት።

«ምንድነው እሱ ልጄ?» አሉኝ።

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሥራሽን ምን ያስደብቅሻል?» ብለው ሳቁ።

ረቡዕ ሥራውን ሊገመግሙ የመጡ ሰዎች ፊልሙን ከሜምብሬኑ ጋር እናመሳክር አሉ። ዶክተሩ ዓይኑን ሳያሽ «የጽዳት ሠራተኛዋ ሰርቃዋለች» አላቸው። ራሱ አስደፍቶ! እዚያው ቆሜ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ቢሆንስ ብዬ አፌ ተሳሰረ። ይህም ይጻፍልኝ። እትዬ ግን እዚህ ተይዘው ሲጠየቁ እንኳ እኔን አላነሡም።

ሜምብሬኑን አስረክቤአለሁ። ግራና ቀኙን በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ ፊልሙ ዶክተሩ ጋ ነው። የተቆረጡት ጥጎች ሲገጣጠሙ መስመሩ በየትኛው በኩል እንደወጣ ይታያል። መርማሪው ፖስታ ውስጥ ሲከተው ገልብጦት ነበር፤ ነግሬው አስተካክሏል።

ቃሌ ተነብቦልኛል፤ ከተናገርኩት የተጨመረም የተቀነሰም የለም። ነገር ግን እትዬ እዚያ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ አልፈርምም።

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪዋ ተጠርተው ሜምብሬኑን እንዲያዩት ተደርጓል። «ለዚህች ቁራጭ ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ የዋልኩት?» ብለዋል። ከቀኑ 9፡45 ተለቀዋል። ምስክሯ በ9፡50 ፈርማለች።

የምስክሯ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________