የሙሄ ተራ

ደሴ፣ ኮሮና ስድስት ሰው በወሰደበት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፤ የክትባት መርፌ ለሁለተኛ ጊዜ በመጣበት ጠዋት ነርሷ ሲስተር እታገኝ የስም ዝርዝር ይዛ፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት ጋሽ ይመኑ አልጋ አጠገብ ቆማለች።

ይመኑ፦ አትሰርዢው አልኩሽ።

እታገኝ፦ ጋሽ ይመኑ፣ ዝርዝሩ እኮ የበፊቱ ነው። የሞተ ሰው ስም ይዤ ልዙር?

ይመኑ፦ ምን አደረገሽ? እህል አይበላብሽ፣ አልጋ አይዝብሽ።

እታገኝ፦ ቅድም «ሙሄ ይማም» ብዬ በስህተት ስጠራ እርስዎ «አቤት» አሉ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየዎት።

ይመኑ፦ አፌ ለምዶ ነዋ። ጆሮው ከከዳው አራት ዓመቱ። በተጠራ ቁጥር «አቤት» የምልለት እኔ ነበርኩ።

እታገኝ፦ አውቃለሁ። አሁን ግን የእርስዎ ተራ ነው፤ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ።

ይመኑ፦ መሰረዝ ካማረሽ የኔን ሰርዢ።

እታገኝ፦ ደግሞ ጀመሩ።

ይመኑ፦ ሰማንያ ሊሞላኝ አንድ ፈሪ ነኝ። ላለቀ ጎማ ነፋስ ቢሞሉለት ምን ይፈይዳል?

እታገኝ፦ መርፌው መጀመሪያ የመጣ ጊዜም ይህንኑ ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት።

ይመኑ፦ አሳቅሁ። ሙሄ ግን አልሰማም። ሰው ሲስቅ አይቶ «ምን አልክ?» አለኝ። ጆሮው ስር ገብቼ «ና እንሂድ፣ ይሄ ነገር ለወጣት ነው» አልኩት። እጅጌውን ጠቅልሎ ጨርሶ ነበር እኮ፣ እታገኝ። ከፊቱ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

እታገኝ፦ ይህን አልነገሩኝም።

ይመኑ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? «አብሽር፣ አንተ ካልተወጋህ እኔም ይቅርብኝ» ብሎ እጅጌውን አውርዶ ተከተለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመረው።

እታገኝ፦ ቢወጋም ይተርፍ ነበር ብሎ የሚምል የለም።

ይመኑ፦ ከስድስቱ ስንቱ ተወግቶ ነበር?

እታገኝ፦ ይተዉት ጋሼ።

ይመኑ፦ ስንቱ?

እታገኝ፦ አንዷ ብቻ።

ይመኑ፦ አምስቱ እንግዲህ በኔ ቀልድ ከሰልፉ የወጡ ናቸው።

እታገኝ፦ ሁሉን በራስዎ ላይ አይጫኑ። አገር ምድሩ ሲፈራ አልነበር? የኔ እናት እንኳ እንቢ ብላኛለች።

ይመኑ፦ አገሩን ተይው። ሙሄን ከሰልፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለይታችሁ ያስተኛችሁት ጊዜ በመስኮት ነው ያየሁት። አፌን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ብጮህ አይሰማኝ። ሐኪሙ ስሙን ሲጠራው ዝም ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል። «አቤት» የሚልለት ሰው አጥቶ ሞተ። ይሄ ያንገበግበኛል።

እታገኝ፦ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ከሞተ ጋር አይሞትም።

ይመኑ፦ ዛሬ ብወጋ ሁለተኛ ጥዬው የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ደግሞስ መርፌሽ አሁን ምን ሊያደርግ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እታገኝ፦ ጅቡማ የት ሄደ? ከሴቶቹ ክፍል ሁለቱን ትናንት ማታ ትኩሳት ይዟቸው አደረ።

ይመኑ፦ ምን አልሽ?

እታገኝ፦ የሰሙትን ነው። ለዚህ ነው ስነዘንዝዎት ያረፈድኩት።

ይመኑ፦ ሌሎቹስ? ተወጉ?

እታገኝ፦ አሥራ አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አንዱም እጅጌውን አልሰበሰበም።

ይመኑ፦ ምን ሆነው?

እታገኝ፦ «ይመኑ ይወጋል ወይ?» ይሉኛል። ያን ቀን እየሳቁ ከኋላዎ የወጡት ናቸው።

ይመኑ፦ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?

እታገኝ፦ ጠይቄ ልምጣ አልኳቸው። እንግዲህ ምን ብዬ ልመለስ?

ይመኑ፦ በሩን ለምን ዘጋሽው?

እታገኝ፦ እንቢ ሲሉ እንዳይሰሙዎት።

ይመኑ፦ ክፈቺው። ወንበሩንም ደጃፉ ላይ አድርጊልኝ። ከሰልፉ ስወጣ ሁሉም እያየኝ ነው የወጣሁት፤ ሁሉም እያየኝ ውጊኝ።