ሦስተኛው ጓጉንቸር

(ሚያዝያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ተራራው ላይ ዶፍ እየወረደ የመስኖ ማኅበሩ ጸሐፊ ባንቻየሁና የግድቡ ጠባቂ አያ ልየው በአፈር ግድቡ አናት ላይ፣ በሦስት ጓጉንቸር ከተቆለፈው የውሃ መልቀቂያ መዘውር ፊት ቆመዋል።)

ባንቻየሁ፦ የእኔንም የእርስዎንም ከፍተናል። ሦስተኛውን እንስበረው እንጂ ምን እንጠብቃለን?

አያ ልየው፦ ሊቀመንበሩን። ቁልፉ ያለው በእሱ ኪስ ነው።

ባንቻየሁ፦ እሱ ወንዝ ማዶ ለቅሶ ላይ ነው። አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሳም።

አያ ልየው፦ ለቅሶ ላይ ስልክ የሚያነሳ ምን ዓይነት ሰው ነው? ስድስተኛ ደውይ።

ባንቻየሁ፦ መለኪያውን ይዩት። ውሃው አናቱ ላይ ሊደርስ አርባ ሳንቲም ቀርቶታል። በደቂቃ ሁለት ሳንቲም ይጨምራል፤ ሰዓት ይዤ ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሃያ ደቂቃ አለን። መዘውሩን አዙሮ ለመጨረስ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

አያ ልየው፦ እንግዲህ አሥር ይተርፈናል። አሥር ደቂቃ ለሚያስብ ሰው ብዙ ነው።

ባንቻየሁ፦ ለሚያስብ ሰው። እርስዎ የሚጠብቁት ስልክ ነው።

አያ ልየው፦ ምላስሽን ሰብስቢ። ጓጉንቸሩ ለምን ሦስት እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ባንቻየሁ፦ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አያ ልየው፦ በማን ምክንያት ይላል?

ባንቻየሁ፦ ስም አልጻፍኩም።

አያ ልየው፦ አንቺ ባትጽፊውም አገር ያውቀዋል። አምና ደመና አየሁ፤ ፈራሁና ብቻዬን ከፈትኩ። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። የሁለት ወር ውሃ ሜዳ ላይ ፈሶ የሰዉ ችግኝ ደረቀ። በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ተሸክሜ ሽማግሌ ፊት ቆምኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ውሃ ነው፣ ምኑን ልልቀመው?

ባንቻየሁ፦ አምና ያዩት ደመና ነበር። ዛሬ የምናየው ውሃ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎት።

አያ ልየው፦ ልጥ መሆኑን በምን ልወቅ? ሲነድፈኝ?

ባንቻየሁ፦ በመለኪያው። ሠላሳ አራት ሆኗል። ይህ የአፈር ግድብ ነው፤ ውሃ በላዩ ካለፈ ቆርሶ ይወስደዋል። ከታች ሰባት ቤት አለ።

አያ ልየው፦ ለሰዎቹ ደውለሽ ውጡ ብለሻል አይደል?

ባንቻየሁ፦ ብያለሁ። እማማ ጠጅቱ ግን አልጋ ላይ ከወደቁ ዓመታቸው ነው። ወንዶቹ ለቅሶ ሄደዋል፤ በዚህች ደቂቃ ማን ተሸክሞ ያወጣቸዋል?

አያ ልየው፦ ዝናቡ ቢያባራስ?

ባንቻየሁ፦ ሊያባራ ይችላል። ያኔ ተሳስቻለሁ።

አያ ልየው፦ እሰይ፣ አመንሽ።

ባንቻየሁ፦ አመንኩ። ከፍተን ቢያባራ ስንዴው ይጎዳል፤ ውሃውን ክረምት ይመልሰዋል። ዘግተን ባያባራስ? እማማ ጠጅቱን የሚመልስ ክረምት አለ?

አያ ልየው፦ እንዲህ አድርገሽ አታስፈራሪኝ።

ባንቻየሁ፦ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ አያ ልየው።

አያ ልየው፦ በእኛ ማኅበር ቅጠሉን ለመቁረጥም ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል።

ባንቻየሁ፦ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሰዓቱን፣ ልኬቱን፣ ስሜን መዝገብ ላይ አስፍሬያለሁ።

አያ ልየው፦ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ የሚሰብረው እጅ የእኔ ነው። ሰው መዝገብ አያይም፤ እጅ ነው የሚያየው።

ባንቻየሁ፦ እንግዲያው የያዙትን ዲጂኖ ለእኔ ይስጡኝ።

አያ ልየው፦ እኔ እየጠበቅሁ አንቺ ልትሰብሪ? አይሆንም።

ባንቻየሁ፦ ራስዎ አይሰብሩ፣ ሰው አያሰብሩ። ሠላሳ ሆነ። ከሃያ ከወረደ ብንከፍተውም አይደርስም፤ ያኔ ሊቀመንበሩ ቁልፉን ይዞ መጥቶ የቱን ይከፍታል?

አያ ልየው፦ ስልክሽ እየጠራ ነው።

ባንቻየሁ፦ እሱ ነው። አቤት ጋሼ... አዎ፣ ግድቡ ላይ... ሠላሳ ሳንቲም፣ ከዚያም በታች... በደቂቃ ሁለት... ኧረ ደመና አይደለም፣ ውሃ ነው... እሺ... እሺ ጋሼ። ዘጋው።

አያ ልየው፦ ምን አለ?

ባንቻየሁ፦ «እስክመጣ እንዳትነኩት፤ የአምናውን አትርሱ» አለ። ይኸው፣ የፈለጉትን ትእዛዝ አገኙ።

አያ ልየው፦ ሠላሳ ስትይው ምን መለሰ?

ባንቻየሁ፦ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለኝ።

አያ ልየው፦ ከምኑ ያውቃል? ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ?

ባንቻየሁ፦ እሱን እኔን ይጠይቁኛል?

አያ ልየው፦ ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል?

ባንቻየሁ፦ አንድ ሰዓት። ወንዙ ከሞላ ጭራሽ አይሻገርም።

አያ ልየው፦ አሁን ስንት ቀረ?

ባንቻየሁ፦ ሃያ አራት።

አያ ልየው፦ በይ፣ መዘውሩን በዚያ በኩል ያዢ፤ ጓጉንቸሩ እንደወደቀ አብረን እናዞራለን። መዝገቡም ላይ ስሜን ከስምሽ በላይ ጻፊው።