ብር ያለበት ካልሲ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከፊታችን ያለችውን ተማሪ አናገሯት።

«በፌስታል የያዝሽው ይኼ ሁሉ ካልሲ ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለላቦራቶሪ ነው፣ አባባ። እንዳይሸት ብር አለበት ይባላል። አጥበን፣ ወደ ውሃው ምን ያህል ብር እንደወጣ እንለካለን።»

«እንደ አንገት መስቀል ያለ ብር?»

«አዎ፣ ግን በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው።»

«ሲታጠብ ይለቃል በይኛ።»

«አንዳንዱ ገና በመጀመሪያው እጥበት ብዙውን ይለቃል።»

«ጠርጥሬ ነበር። ወንድ ልጄ ከመተማ እንዲህ ያለ ሸጋ ካልሲ ልኮልኝ፣ ብሩ እንዳይለቅ ብዬ አጥቤው አላውቅም።»

«ታዲያ አይሸትም?»

«እኔን አይሸተኝም። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለ፣ ማንን ልጠይቅ?»

ሽታው እንዲወጣ ከአዘዞ ጀምሮ ከፍቼው የነበረውን መስኮት፣ ሽማግሌው እንዳያፍሩ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።