የሆዱ ነዋሪዎች

በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት፣ ከእህቴ ጋር ልጇን ለፖሊዮ ጠብታ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። መድኃኒቱ እንዲወርድለት ብዬ ጠዋት ለጋ ቅቤ አላስኩት፤ አንጀቱ ተናውጦ ተቅማጥ ያዘው! ነርሷ ጠብታውን ሰጥታው ስታበቃ ተቅማጡን ብንነግራት፣ «እትዬ፣ የዛሬው አይቆጠርም። ሆዱ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነዋሪዎች አሉ፤ እነሱ ሲታወኩ መድኃኒቱ ላይዝ ይችላል። ሲሻለው ይመልሱት፤ እስከዚያ ጡት ብቻ» አለችኝ። «ቀበሌም አላቸው?» ብላት ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እህቴ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ የጎረቤታችን ልጅ በፖሊዮ እግሩ ሰልሏል።

ተሽሎት መልሰን ወሰድነው፤ ጠብታውን ዋጠ። ወደ ቤት ስንመለስ ጋሪው እሹሩሩ እያለ ሲያወዛውዘን፣ አቧራው በፀሐይ ወርቅ መስሎ ሲንሳፈፍ፣ በእንቅልፍ ልቤ ጆሮዬን የልጁ ሆድ ላይ ጣል አደረግሁ። ጉርርር ይላል።

«ምን ይላሉ?» አለች እህቴ በስጋት።

«መድኃኒቱን ቤት ለእንግዳ ብለውታል!» ብላት ከጋሪው ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች።