የሁዳዴ ሰኞ ሥጋ ወጥ

እስቲ ፍረዱኝ! ጎንደር አንድ ፊታውራሪ ቤት አሳላፊ ነበርሁ። የሁዳዴ ቅበላ ዕለት እንግዳው ሁሉ ጠግቦ አንድ ትልቅ ድስት ሥጋ ወጥ ሳይነካ ተረፈ። የኔ ቢጤዎቹ ከአጥሩ ሥር ሽታውን ሲምጉ ውለዋል። «አያ፣ ሳይመሽ ላውጣላቸው» ብዬ አጋፋሪውን ብለምነው፣ «ምነው፣ ጌታው ከማዕድ ሳይነሱ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ጌታው እስኪነሱ ጦሙ ገባ፤ ድኾቹም ጦማቸውን አደሩ።

ሰኞ ጧት አጋፋሪው ድስቱን አሸከመኝ። «ጌታው ለነፍሳቸው ብለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት አድርስ።» እኔም ሞኝ፣ ረሃብ ጦም አያውቅም ብዬ ሄድሁ። ክዳኑን ስከፍተው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ፊቱን አዞረ። «ልጄ፣ ደኻ ጦም የለውም ያለህ ማነው?»

ደሜ ፈላ። ድስቱን መልሼ አጋፋሪውን አስታቀፍሁት፤ «ለነፍሳቸው አልሆነም፤ ለውሾቻቸው ስጥልኝ» ብዬ ከዚያ ቤት ወጣሁ።