ያስጨበጨብኩበት አክሲዮን

እስከዛሬ ሳስታውሰው እሸማቀቃለሁ። የአክሲዮን ማኅበራችን የሒሳብ ኃላፊ ነኝ። ጎፋ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ፣ የትርፍ ድርሻው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአዲስ አክሲዮን እንደሚከፈል ሳበስር አዳራሹ አጨበጨበ። የለቡው ገበሬ አባባ ቶላ ግን እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ከካዝናው የሚወጣ ብር አለ?»

«የለም አባባ። ከተጠራቀመው ትርፍ ወደ ካፒታል ይዞራል እንጂ ካዝናው አይነካም።»

«የሚጨመረውስ ለሁላችን ነው?»

«አዎ፣ ለሁሉም በድርሻው ልክ።»

«ማሳዬን ለልጆቼ ስሸነሽን አራት ካርታ ወጣ። መሬቱ ግን ያው ነው። ታዲያ ምን አስጨበጨብከን?»

ትርፉ ወረቀት ላይ ብቻ እንጂ ካዝናው ባዶ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ብር ከሌለ የለም በለን» አሉኝ ቀስ ብለው። «እንታገሳለን።»

እኔ እኮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የለፈለፍኩት «ብር የለም» ማለት አፍሬ ነበር።